መሣሪያው የእኛ፣ ካርትሪጁ የኩባንያው

የአንድ ዕቃ ዋጋ ሲባል ዕቃው በተገዛበት ቀን የተከፈለው ገንዘብ ይመስለናል። በሕክምና መሣሪያ ረገድ ግን ይህ አስተሳሰብ ያሳስታል፤ ለምሳሌም የሳንባ ነቀርሳ መመርመሪያ የሆነውን ጂንኤክስፐርትን እንመልከት።

ይህ መሣሪያ በአገራችን ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። የበሽተኛው አክታ ካርትሪጅ በሚባል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገብቶ በሁለት ሰዓት ያህል ውጤቱ ይታወቃል፤ በሽታው ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም መሆን አለመሆኑም አብሮ ይገለጻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. እንዲሠራበት መክሯል። በማይክሮስኮፕ ብቻ ሲመረምር ለኖረ ላቦራቶሪ ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑን መካድ አይገባም።

ዳሩ ግን ካርትሪጁን የሚሠራው ያው መሣሪያውን የሠራው ሴፌይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብቻ ነው፤ የሌላ ሠሪ ካርትሪጅ አይገባበትም። መሣሪያው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ካርትሪጁ ግን በሽተኛ በመጣ ቁጥር ይገዛል። የትርፉ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ካርትሪጅ ያለቀበት ላቦራቶሪ መሣሪያ አለኝ ቢል፣ ላም አለኝ በሰማይ እንደማለት ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. ለድሆች አገሮች የተወሰነው ዋጋ ከ16.86 ዶላር ወደ 9.98 ዶላር የወረደው ለጋሾች ለኩባንያው ገንዘብ ስለ ከፈሉ ነው። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ንቅንቅ አላለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. የማምረቻው ወጪ ከ5 ዶላር በታች መሆኑን አስጠንቶ ዘመቻ ጀመረ። በ2023 እ.ኤ.አ. ዋጋው 7.97 ዶላር ሆነ፤ ኩባንያውም ይህ ትርፍ የሌለበት ዋጋ ነው አለ። የተፎካካሪ ካርትሪጅ ቢገባበት ኖሮ ይህን ለማግኘት ዘመቻ ባላስፈለገም ነበር።

ካርትሪጁ የታሸገው ናሙናዎች እርስ በርስ እንዳይበካከሉ ነው የሚል ክርክር ይቀርባል። እውነት ነው። ነገር ግን ካርትሪጁ መታሸጉ ሌላ፣ ሠሪው አንድ ብቻ መሆኑ ሌላ። የመርፌና የስሪንጅ መጋጠሚያ የሆነው ሉየር ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ስላለው፣ የአንዱ ፋብሪካ መርፌ በሌላው ፋብሪካ ስሪንጅ ላይ ይገጥማል፤ ስለዚህም ነርሷ የሠሪውን ስም ሳትጠይቅ ትሠራለች።

ተፎካካሪ ይምጣ ብቻ የሚሉም አሉ። መጥቷል፤ የሕንዱ ትሩናት በ2020 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ አገኘ። እርሱም ቢሆን የሚሠራው በራሱ ቺፕ ብቻ ነው! ገዢው ሁለት ሻጮች አገኘ እንጂ፣ አንዱን መሣሪያ ከገዛ በኋላ ያለበት እስራት አልተፈታለትም። መደራደር የሚችለው መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ነው፤ በጨረታው ሰነድ ላይ የመሣሪያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአምስትና የአሥር ዓመት የካርትሪጅ፣ የጥገናና የመለዋወጫ ዋጋ ሲጠየቅ።