ከጉልበት ቀዶ ጥገና የተመለሰ ውሻ በቤት ውስጥ፦ ጥቂት የፊዚክስ ሒሳብ

በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል በአንድ በኩል ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበትን መገጣጠሚያ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በፊዚክስ ክፍል ሥራ የመሥራት ችሎታ ብለን የምንተረጉመውን ነገር ይሰይማል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም እናነሣለን። የምንነጋገረው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ስለታከመ ውሻ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ነው። ሐኪሙ «ለስምንት ሳምንት አይሩጥ፣ አይዝለል፣ ደረጃ አይውጣ» ሲል ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ትእዛዙን እንጂ ምክንያቱን ይዞ አይመለስም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ውሻው ጅራቱን እየቆላ በር ሲቧጥጥ ልቡ ይራራና ይለቀዋል።

በጉልበት ውስጥ ካሉት ጅማቶች አንዱ የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። በሰው ላይ ይህ ጅማት በአብዛኛው የሚበጠሰው በስፖርት ሜዳ፣ በድንገተኛ ጥምዝ ነው፤ በውሻ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ሲሳሳ ቆይቶ በተራ እርምጃ ይበጠሳል። የውሻ ቅልጥም የላይኛው ገጽ ወደ ኋላ የሚወርድ ተዳፋት ሲሆን፣ ዘዌው በአማካይ 24 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሻው በእግሩ ላይ ክብደት ባሳረፈ ቁጥር የጭኑ አጥንት በዚህ ተዳፋት ላይ ቁልቁል ሊንሸራተት ይሞክራል። አንባቢ በተዳፋት ላይ ስላረፈ ሣጥን የተማረውን ያስታውስ፤ በቅልጥሙ አቅጣጫ የሚያርፈው ኃይል 200 ኒውተን ቢሆን፣ ተዳፋቱን ተከትሎ የሚገፋው ክፍል በ24 ዲግሪ ሳይን ተባዝቶ 81 ኒውተን ያህል ይሆናል። ዘዌው 5 ዲግሪ ቢሆን ግን 17 ኒውተን ብቻ ነው።

ባርክሌይ ስሎከም የተባሉ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት የቀዶ ጥገና ዘዴ በዚህ ሒሳብ ላይ የቆመ ነው። ዘዴው የተበጠሰውን ጅማት አይተካም፤ ተዳፋቱን አቃንቶ ጅማቱን ሥራ ያስፈታዋል። የቅልጥሙ የላይኛው ክፍል በክብ መስመር በመጋዝ ይቆረጣል፤ ዘዌው ወደ 5 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ ይዞራል፤ ከዚያም በጠፍጣፋ ብረትና በብሎኖች ይታሰራል። ከመገጣጠሚያው ውጭ በጠንካራ የናይለን ክር የሚያስሩ ሌሎች ዘዴዎችም አሉ፤ የምናተኩረው ግን በዚህኛው ላይ ነው።

እንግዲህ ከሕክምና የተመለሰው ውሻ ሆን ተብሎ የተቆረጠ አጥንት ይዞ ነው ወደ ቤት የሚገባው። አጥንቱ እስኪገጥም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ ሕመሙ ግን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል። አደጋው ያለው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ነው። በዚህ መካከል ሸክሙን በአብዛኛው የሚሸከመው ብረቱ ነው፤ ብረት ደግሞ ይደክማል። ሽቦን በአንድ ጊዜ ስበን መበጠስ ቢያቅተንም ደጋግመን ወዲያና ወዲህ ብናጥፈው ይሰበራል። ጭነቱ በእጥፍ ሲጨምር ብረቱ ሊታገሥ የሚችለው የድግግሞሽ ብዛት በግማሽ ሳይሆን ከዚያ እጅግ በበለጠ ያንሳል። በሰከንድ አንድ ጊዜ እግሩን የሚያሳርፍ ውሻ በቀን አራት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ቢራመድ፣ በስምንት ሳምንት ውስጥ ብረቱ ወደ 67,000 ጊዜ ይጫናል። ይህን ቀላል ጭነት እንዲችል ታስቦ ነው የተሠራው። ጥቂት ከባድ ጭነቶች ሲታከሉበት ግን ብረቱ ሊሰበር፣ ብሎኖቹም ከአጥንቱ ሊነቀሉ ይችላሉ።

ምን ያህል ከባድ? 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ ክብደቱ 294 ኒውተን ገደማ ነው። ውሻ ቆሞ ሳለ የክብደቱን 60 በመቶ ያህል በፊት እግሮቹ ስለሚሸከም አንዱ የኋላ እግር የሚደርሰው 59 ኒውተን ብቻ ነው። አሁን ይኸው ውሻ ሶፋ ላይ ይውጣ እንበል። እግሮቹ መሬት ከለቀቁ በኋላ የሰውነቱ ማዕከል 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል የኋላ እግሮቹ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ መግፋት ቢኖርባቸው፣ አማካይ ግፊቱ የክብደቱ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 882 ኒውተን ይሆናል። ለአንዱ እግር 441 ኒውተን ይደርሰዋል፤ ቆሞ ከነበረው ሰባት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። ሰዎች ከሶፋ መውረዱን ይፈራሉ፤ ሲወርድ ግን ቀድመው የሚያርፉት የፊት እግሮቹ ናቸው። ለታከመው ጉልበት ይበልጥ የሚያሰጋው መውጣቱ ነው።

በአገራችን ውሻ በአብዛኛው የግቢ ጠባቂ በመሆኑ ሌላም ነገር ይታሰብ። በር በተንኳኳ ቁጥር እየጮኸ የሚወረወር፣ ማታ ማታም የሚለቀቅ ውሻ በእነዚህ ሳምንታት ከመግቢያው በር ርቆ በጠባብ ክፍል ሊቆይ ይገባል። ለሽንት ሲወጣም በአጭር ገመድ ተይዞ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፎጣ ከሆዱ ሥር አሳልፎ ከፍ አድርጎ መያዝ የኋላ እግሮቹን ሸክም ይቀንሳል።

ወለሉም ሊረሳ አይገባም። በሴራሚክ ላይ ሰበቃው አነስተኛ ስለሆነ እግሩ ወደ ጎን ሲሸሽ ጡንቻዎቹ በድንገት ይኮማተራሉ፤ ያ ድንገተኛ ኃይል የሚያርፈው በዚያው በተቆረጠው አጥንት ላይ ነው። ለትምህርት በቆየንበት አገር አከራያችን የነበሩት እናት ለታከመች ውሻቸው ከመኝታዋ እስከ ውኃ ዕቃዋ፣ ከዚያም እስከ በሩ ድረስ አሮጌ ምንጣፎችን ቀጣጥለው አንጥፈው ነበር። ቤቱ የልብስ ገበያ ይመስል እንደነበር እናስታውሳለን፤ ውሻይቱ ግን ከምንጣፉ አንድም ቀን አልወረደችም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እብጠቱን ለመቀነስ በረዶ በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቁስሉን ሳያረጥቡ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማሳረፍ የተለመደ ነው። አንድ ግራም በረዶ ለመቅለጥ ብቻ 334 ጁል ሙቀት ይወስዳል፤ ከቀዝቃዛ ውኃ የሚመረጠውም በዚህ ነው። ጨርቁ የሙቀቱን ፍሰት አዝግሞ ቆዳውን ከመጎዳት ያድናል። ውሻው ስፌቱን እንዳይልስ እንደ ጡሩምባ አፍ የሰፋው የፕላስቲክ የአንገት ከለላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አይውለቅ። ለሰው የታዘዘ ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞል፣ በራስ ውሳኔ ፈጽሞ አይሰጥ፤ እንደየመድኃኒቱ ጨጓራውን፣ ኩላሊቱን ወይም ጉበቱን ሊጎዳ፣ ሊገድለውም ይችላል። እግሩን መርገጥ ጀምሮ የነበረ ውሻ ድንገት መርገጥ ካቆመ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ መውሰድ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ውሻውን ጨርሶ ማንቀሳቀስ አይገባም ማለት አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊዩስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 እንደጻፉት አጥንት ራሱን የሚያንጸው በሚሸከመው ጭነት መጠን ነው። ስለሆነም በገመድ የሚደረገው ዝግተኛ እርምጃ የሕክምናው አካል ነው፤ ሐኪሙ በፈቀደው መጠን በየሳምንቱ በጥቂት ደቂቃዎች ይጨምራል። ሩጫ የሚፈቀደው በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ የሚነሣው ራጅ አጥንቱ መግጠሙን ካሳየ በኋላ፣ እሱም ቀስ በቀስ ነው።

የጡንቻውን ማገገም በቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ወስዶ የሁለቱን ጭኖች ዙሪያ በየሳምንቱ መለካትና በግራፍ ማስፈር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ መሄድ አለበት። ለኪው አንድ ሰው ይሁን፤ ቦታውም ከጉልበቱ ሎሚ ተነሥቶ በተወሰነ ርቀት ላይ ይሁን፤ ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ፤ የፀጉሩ ውፍረትና የሜትሩ መጥበቅና መላላት የሚያመጡት ስሕተት ከአንድ ሳምንት ለውጥ ሊበልጥ ይችላልና።