የኮምፒውተሩን ሰዓት ማመን ይቻላል?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ቺፕ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ያገባዋል። ቃለ መጠይቅ የተቀዳበት ፋይል ላይ ያለው ቀንና ሰዓት «መቼ ተቀዳ?» ለሚል ጠያቂ ማስረጃ ነው። ያን ሰዓት የሚይዘው ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የሰዓት ቺፕ ነው። ሮቤም ሆነ ጎባ መብራት ሲጠፋ የቺፑ ባትሪ ካለቀ ሰዓቱ ይበላሻል፤ ፋይሉም የውሸት ቀን ይይዛል።

የቀደሙት ራስበሪ ፓይ ኮምፒውተሮች የራሳቸው የሰዓት ቺፕ ስለሌላቸው ብዙ ሰው ዲኤስ3231 የተባለውን ይገጥምላቸዋል። ይህ ቺፕ ከ0 እስከ 18 ቁጥር የተሰጣቸው ሬጅስተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ አንድ ባይት ይይዛል። ሊነክስ ላይ «አይቱሲጌት» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈን የመስመሩን ቁጥር፣ የቺፑን አድራሻ (በሄክሳዴሲማል 68) እና የሬጅስተሩን ቁጥር ስንሰጠው ውስጡ ያለውን ያሳየናል።

0 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 2 ሰዓት ነው። ደቂቃው 37 ካለ 37 ነው፤ እንደ ተራ ሄክሳዴሲማል የቆጠረ 55 ብሎ ይሳሳታል። ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። ሊነክስ አብዛኛውን ጊዜ ቺፑን የሚሞላው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ስለዚህ 07 ካለ እኛ ጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ የሚቀነሰው 3 እንጂ የለመድነው 6 አይደለም።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሬጅስተር 15ን ነው። በግራ ዳር ያለው ቢት 1 ከሆነ ቺፑ «ቆሜ ነበር፣ ሰዓቴን አትመኑ» ማለቱ ነው። 88 ካነበብን ቢቱ 1 ነው፤ 08 ከሆነ 0 ነው። እንዲህ የሚናገር የዜና ምንጭ ከየት ይገኛል! ግን 0 ማለት ከተሞላ ወዲህ አልቆመም ማለት ብቻ ነው፤ የሞላው ሰው ተሳስቶ ከሆነ ቺፑ አያውቅም።

ያገኙትን አድራሻ ሁሉ መነካካት ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ቺፕ የሚፈልግ የሊነክስ ፕሮግራም አንዳንድ የአይቢኤም ቲንክፓድ ላፕቶፖችን ሚሞሪ ቺፕ አበላሽቶ ነበር።

ሬጅስተር 17 ሙቀት ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ባለው ሳነቴ ሌሊት ላይ «ኤፍኢ» ቢያሳይ 254 ሳይሆን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ማለት ነው። ሆኖም የሚለካው የራሱን የቺፑን ሙቀት ነው፣ እስከ 3 ዲግሪም ሊስት ይችላል። «ሳነቴ ትናንት ውርጭ ነበር» ብሎ ለመዘገብ እሱ ብቻውን አይበቃም።