የጣና ነጭ ዓሣ የመራቢያ ጠባይና የብዛቱ ክትትል

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በነሐሴ ወር በጉማራ ወይም በርብ ወንዝ አፍ መረቡን የጣለ አስጋሪ ብዙ ዓሣ ያወጣል። ይህን ያየ ሰው «ዓሣው ሞልቷል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያ የሚታየው ለመራባት ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ዓሣ ስለሆነ የሐይቁን ክምችት ለመገመት አያገለግልም። በዚህ ጽሑፍ የዓሣውን ጠባይና ማኅበራት ብዛቱን ራሳቸው የሚከታተሉበትን ቀላል ዘዴ እንገልጻለን።

1. የመራቢያ ጠባይ

በጣና ነጭ ዓሣ በሚል የወል ስም የሚጠሩት 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። ቆሮሶ በዓመት ደጋግሞ ይራባል፤ እናቲቱም እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ነጭ ዓሣ ግን ለመራባት የሚደርሰው ዘግይቶ ሲሆን የሚራባውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከዝርያዎቹ ቢያንስ ሰባቱ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ሽቅብ ወጥተው ንጹሕና ፈጣን ውኃ ባላቸው ገባር ወንዞች ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ስለዚህ በወንዝ አፍ የተያዘች እናት ዓሣ የዓመቱን ዘር ይዛ ትጠፋለች።

2. የደረሰው ጉዳት

በጣና በሞተር ጀልባ ማስገር የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ገደማ የወሰዱትን ናሙና ሲያነጻጽሩ የነጭ ዓሣ ክምችት 75 በመቶ ያህል፣ የጫጩቶቹ ብዛት ደግሞ 90 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የጫጩቶቹ መቀነስ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስባል፤ ተተኪ መታጣቱን ያመለክታልና።

3. የብዛት ክትትል

ሀ) በየወሩ በአንድ በተወሰነ የሐይቁ ክፍል፣ ርዝመቱና የዓይኑ ስፋት በማይለወጥ መረብ አንድ ሌሊት ይሰገር።

ለ) የተገኘው ኪሎ ለመረቦቹ ቁጥር ይካፈል። ለምሳሌ ዘንድሮ በ10 መረብ 30 ኪሎ ቢገኝ ለአንድ መረብ 3 ኪሎ ይደርሳል። በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር በ15 መረብ 36 ኪሎ ቢገኝ ጠቅላላው ምርት ጨምሯል፤ ለአንድ መረብ የሚደርሰው ግን 2.4 ኪሎ ብቻ ነው። ይህ የዓሣው መቀነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በየወሩ እየታየ ይጣራ።

ሐ) የእያንዳንዱ ዓሣ ርዝመት ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ መንታ መካከል በሳንቲ ሜትር ይለካ። የትልልቆቹ ቁጥር ከዓመት ዓመት ካነሰ ዓሣው ሳያድግ እየተያዘ ነው ማለት ነው።

መ) ሆዷን በቀስታ ሲጫኗት እንቁላል የምትለቅ ዓሣ የተገኘችበት ቀንና ስፍራ ይመዝገብ። የመራቢያው ወቅት የሚታወቀው በዚህ ነው።

4. ምክር

ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ በወንዞች አፍና በወንዞቹ ውስጥ መረብ ከመጣል መታቀብ ያስፈልጋል። ብርብራም ትልቁንና ጫጩቱን ሳይለይ ስለሚፈጅ ፈጽሞ መቅረት አለበት። እነዚህ ወራት ለአስጋሪው የገቢ ወራት መሆናቸውን እንረዳለን። በመሆኑም ማኅበሩ ክልከላውን በአባላቱ ስምምነት በመተዳደሪያ ደንቡ ያስገባ፤ መረቡንም ከወንዝ አፍ አርቆ በሐይቁ ውስጥ ይጣል። አንዱ ታቅቦ ሌላው የሚያሰግር ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።