ከኬኒኮት ማዶ መንገድ የለም

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ ትኬት ቆርጠናል። ሐምሌ ላይ አራት ሆነን አላስካ እንሄዳለን። ራንግል ሴንት ኢላያስ ፓርክ ውስጥ ሻንጣችንን አዝለን፣ በየደረስንበት ድንኳን እየተከልን ልንጓዝ ነው። እርስዎ እዚያ ብዙ ዓመት ስለኖሩ እናቴ «ጋሼ ሳይመክርሽ ንቅንቅ አትዪም» ብላኛለች።

ጋሼ፦ እናትሽ ሸክሙን ወደ እኔ አሻገረችው በይኛ! እስካሁን የት የት ወጥተሻል?

ልጅቱ፦ እዚሁ ሬኒር ተራራ ሥር በእግር ሄጃለሁ። ኢትዮጵያ ስሄድ ደግሞ ራስ ዳሸን ወጥቻለሁ፤ 4,550 ሜትር ጋሼ!

ጋሼ፦ ጎበዝ። ሻንጣሽን ማን ተሸከመው?

ልጅቱ፦ በቅሎ።

ጋሼ፦ ምግቡንስ?

ልጅቱ፦ አብሳይ ነበረን። አስጎብኚም፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውትም። መንገዱም… ገባኝ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ገባኝ። መንገዱም እረኛና ገበያተኛ የረገጠው ነው።

ጋሼ፦ እዚያ በቅሎም አብሳይም የለም፤ የተረገጠ መንገድም ከጥቂት ቦታ በቀር አታገኚም። ከፍታውንማ እርሺው። አላስካ ልሂድ የሚል አበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አየር ያጥራል ወይ?» ብሎ ነው። በዚያ ፓርክ በእግረኛ ዘንድ ስሙ ከሚነሳው አንዱ ቺቲስቶን የሚባለው የተራራ በር ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር አይበልጥም። መርካቶ የቆመ ሰው ከዚያ በላይ ነው ያለው።

ልጅቱ፦ ታዲያ በረዶው እንዴት እዚያ ድረስ ወረደ? ራስ ዳሸን ላይ እንኳ ወርዶ የሚከርም በረዶ የለም።

ጋሼ፦ አንደኛ፣ ቦታው ወደ ሰሜን 61 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ባሕሩ ነው። ከአላስካ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው እርጥብ አየር ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ከቆሙት ተራሮች ጋር ይላተማል። ሴንት ኢላያስ ተራራ 5,489 ሜትር ነው። አየሩ እሱን ልለፍ ብሎ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ያዘለውን ሁሉ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። የወረደው ከሚቀልጠው ሲበልጥ በላይ በላዩ ይከመራል፣ ይጠጥራል፣ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል መሄድ ይጀምራል። ግግር በረዶ የምንለው ይህን የሚሄደውን ነው። እኛም አገር በበረዶው ዘመን ነበረ፤ ባሌ ሳነቴ ላይም ሰሜን ተራሮች ላይም አሻራው አለ።

ልጅቱ፦ ፓርኩስ የሚባለውን ያህል ሰፊ ነው?

ጋሼ፦ 53,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስዊዘርላንድ ገብታበት ቦታ ይተርፋል። ወደ ውስጥ የሚያስገባው የመኪና መንገድ ግን ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱም ጠጠር። እናንተ በየትኛው ናችሁ?

ልጅቱ፦ በማካርቲው።

ጋሼ፦ ከቺቲና ከተማ 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮረኮንች ነው። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ኬኒኮት ላይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1911 እስከ 1938 መዳብ ያወጡ የነበሩት ሰዎች ማዕድኑን ወደ ኮርዶቫ ወደብ የሚያወርዱበት 315 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዘርግተው ነበር፤ ሥራው ሲያበቃ ጥለውት ሄዱ። የሐዲዱ ሚስማር ዛሬም ከጠጠሩ ውስጥ ብቅ እያለ ጎማ ይበሳል። ትርፍ ጎማ ያዙ፤ የኪራይ መኪና ከሆነም ውሉን አንብቡ፣ በዚያ መንገድ መንዳት የሚከለክል አከራይ አለ። መንገዱ ኬኒኮት ወንዝ ዳር ያልቃል። በእግረኛ ድልድይ ተሻግራችሁ ማካርቲ ትገባላችሁ። ከዚያ ወዲያ ሩቅ መሄድ የፈለገ በትንሽ አውሮፕላን ነው። ፓይለቱ አንድ ጠጠር ሜዳ ላይ ያወርዳችሁና በቀጠሯችሁ ቀን ተመልሶ ይመጣል፤ ደመናው ከፈቀደለት።

ልጅቱ፦ ካልፈቀደለትስ?

ጋሼ፦ ትቀመጣላችሁ። ለዚህ ነው ከዕቅዳችሁ በላይ የሁለት ሦስት ቀን ስንቅ የምትይዙት። ያንን ስንቅ «ከበደኝ» ብሎ መኪና ውስጥ የሚተወው ሰው ነው መጨረሻ ላይ በመጥፎ አየር ካልበረርን ብሎ ፓይለቱን የሚጨቀጭቀው።

ልጅቱ፦ እኔን የሚያስፈራኝ የበረዶው ስንጥቅ ነው። ቪዲዮ አይቼ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

ጋሼ፦ መፍራትሽ ደግ ነው፤ እመጣበታለሁ። ግን ስንጥቅ ያለበትን በረዶ ካልፈለግሽ አትረግጪውም። ወንዙ ነው አልፈልግህም የማይባለው። መሄጃሽን አቋርጦ ይተኛል፣ ድልድይ የለው። እኔ በዚያ አገር ከምንም በላይ የማከብረው ከግግሩ ሥር የሚወጣውን ውሃ ነው፤ እናንተ ወጣቶች ካርታ ስታዩ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ናት ብላችሁ የምትዘሏትን።

ልጅቱ፦ ዋና እችላለሁ እኮ።

ጋሼ፦ ዋናው ምን ያደርግልሻል? ውሃው ከበረዶነት የወጣው አሁን ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆየሽበት እጅሽ አይታዘዝልሽም። ደግሞ ጥልቀቱ አይታይም። ግግሩ ሲሄድ ከሥሩ ያለውን አለት እንደ ዱቄት ስለሚፈጨው ወንዙ ሲሚንቶ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ቁርጭምጭሚት ይሁን ወገብ በዓይን አይለይም። ስለዚህ የምትጠይቂው ሰዓቱን ነው።

ልጅቱ፦ እንዴት ሰዓቱን?

ጋሼ፦ በረዶው ቀን በፀሐይ ይቀልጣል፣ ሌሊት ይቀንሳል። ወንዙም አብሮት ይሞላል፣ ይጎድላል። በእኛ ሰዓት ልንገርሽ፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከጉልበት በታች የነበረ ውሃ፣ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ወገብሽን ሊይዝ ይችላል። ከግግሩ ርቀሽ ወደ ታች ከሆንሽ ሙላቱ ዘግይቶ ይደርስሻል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ይህም ሥርዓት ይፈርሳል። ማታ ደርሰሽ የሚያስፈራ ወንዝ ካገኘሽ ድንኳንሽን ከዳርቻው ከፍ ብለሽ ትከዪ፣ ውሃው ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጪ፣ ተኚ። ጠዋት ድንጋይሽ ደረቅ ላይ ቀርቶ ካገኘሽው ጎድሏል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ እንደሆነ ሌሊቱ ድቅድቅ ብሎ አይጨልምም፤ በብርሃን እጦት አታሳቢ።

ልጅቱ፦ ስንሻገርስ? ጠበብ ያለውን ቦታ ነው የምንመርጠው?

ጋሼ፦ ሁሉም እንዲህ ይላል። ጠባቡ ጥልቅና ፈጣን ነው። ወንዙ ተበትኖ ብዙ ቅርንጫፍ የሆነበትን፣ ሰፊውን ፈልጊ፤ ለዚያ አንድ ሰዓት ወደ ላይ መሄድ ካስፈለገ ሂጂ። ከመግባትሽ በፊት ወደ ታች ተመልከቺ፦ ብወድቅ ውሃው ወዴት ይወስደኛል? የወደቀ ዛፍ ወይም ገደል ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ጆሮሽንም አውሺው። ከሥሩ ድንጋይ እየተንከባለለ ሲንጓጓ ከሰማሽ አትግቢ፤ ድንጋይ ያንከባለለ ውሃ አንቺን አያቅተውም። ጫማሽን አታውልቂ። የሻንጣሽን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቺ፤ ብትወድቂ ጥለሽው እንድትነሺ። ፊትሽን ወደ ውሃው መምጫ አዙረሽ፣ በምርኩዝ ተደግፈሽ፣ በጎን በጎን እግርሽን ሳታነሺ እየጎተትሽ ሂጂ። አራት ናችሁ አይደል? ተያያዙ። ጉልበተኛው ከላይ በኩል ይቁምና ውሃውን ይስበርላችሁ። መሃል ደርሶ «አልችልም» ያለ ሰው ካለ ሁላችሁም ትመለሳላችሁ፤ ክርክር የለም።

ልጅቱ፦ ሰዓቱን ጠብቀን፣ ሰፊውን መርጠን ከሄድን እንግዲህ ችግር የለም።

ጋሼ፦ አንድ የማይጠበቅ ነገር ልጨምርልሽ። ከኬኒኮት ግግር ጎን ሂድን ክሪክ የሚባል ሐይቅ አለ። ግግሩ ገድቦት ነው ሐይቅ የሆነው። በየዓመቱ፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው እናንተ በምትሄዱበት ሰሞን፣ ውሃው ከበረዶው በታች መውጫ ያገኝና ሐይቁ ይፈስሳል፤ ኬኒኮት ወንዝ ዝናብ ሳይዘንብ ይሞላል። የማካርቲ ሰው ያውቀዋል፤ ድልድዩ ላይ ወጥቶ የበረዶ ቋጥኝ ሲያልፍ ያያል። ቦታው ስትደርሱ የፓርኩን ሠራተኞችና ፓይለቶቹን ስለየወንዙ ጠይቁ። የአምናው ካርታ የዘንድሮውን ውሃ አያውቅም።

ልጅቱ፦ አሁን ስንጥቁ።

ጋሼ፦ እሺ። ግግር ሁለት ዓይነት ፊት አለው። የታችኛውን ክፍል ሐምሌ ላይ አዲስ በረዶ አይሸፍነውም፤ ራቁቱን ነው፣ ስንጥቁ ይታያል፣ ዞረሽ ታልፊያለሽ። ወደ ላይ ስትወጪ ግን አዲስ በረዶ ይሸፍነዋል፤ ስንጥቁ ላይ ሳስቶ እንደ ድልድይ ይጋገርና ሜዳ ይመስላል። እዚያ በገመድ ተሳስሮ፣ የወደቀን ሰው ማውጣት የተለማመደ ቡድን ብቻ ነው የሚሄደው። ከእናንተ ማን ተለማምዷል?

ልጅቱ፦ ማንም።

ጋሼ፦ እንግዲያስ ነጭ በረዶ የሚጀምርበት ቦታ ለእናንተ መመለሻ ነው። ግግሩን መርገጥ ካማራችሁ ሩት ግግር አለላችሁ። ከኬኒኮት የድሮው ወፍጮ በእግር ትደርሱበታላችሁ። ለመጀመሪያው ቀን አስጎብኚ ቅጠሩ፤ የብረት ጥርስ ከጫማችሁ ሥር አስራችሁ መራመድን ያስተምራችኋል። ሰማያዊ ጅረት በበረዶው ላይ ሲፈስ ታያላችሁ፤ በጣም ያምራል። ፎቶ ለማንሳት ግን አትጠጉት፤ ዳሩ ያንሸራትታል፣ ወርዶ ወርዶ የሚገባው ደግሞ ግግሩን ወደ ታች የበሳ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ልጅቱ፦ በፎቶ ሳየው ኬኒኮት ፊት ለፊት ግዙፍ የአፈር ክምር አለ። የመዳቡ ማዕድን ትራፊ ነው?

ጋሼ፦ ቱሪስቱ ሁሉ እንዲያ ይላል። ያ ራሱ ግግሩ ነው፤ ከየተራራው የጫነው ድንጋይና አፈር በላዩ ለብሶ። የማዕድኑ ሥራ በተጀመረበት ዘመን በረዶው በጣም ከፍ ያለ ነበር፤ ስለሳሳ ነው ዛሬ ቁልቁል የምታዪው። ለመንገደኛ ከባዱ እሱ ነው። ድንጋዩን አምነሽ ትረግጪዋለሽ፣ ከሥሩ በረዶ ነው፣ ይዞሽ ይሄዳል። እንደዚያ ባለ ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር ግማሽ ቀን ቢበላባችሁ አትደነቂ። በቁጥቋጦ ውስጥም እንደዚያው። እናንተ በስልካችሁ «በቀን 20 ኪሎ ሜትር» ብላችሁ አስልታችኋል፣ አይደል?

ልጅቱ፦ 18።

ጋሼ፦ በግማሽ ቀንሺው። ከዚያም ቀንሺ።

ልጅቱ፦ ስለ ልብስ ልጠይቅዎት። እናቴ ጋቢ ሰጥታኛለች።

ጋሼ፦ ጋቢውን ለመልሱ ቀን መኪና ውስጥ አስቀምጪው። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትሽን ይጠጣል። በዚያ አገር ሰው በብርድ የሚጎዳው በጥር ውርጭ ብቻ አይደለም፤ ልክ እንደዚህ በሐምሌም፣ ዝናብና ንፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ይጎዳል። የመንዝ ሰው ባናውን ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወዶ መሰለሽ? ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። ውስጡን ሱፍ፣ ከላይ ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት፤ አንድ ሙሉ ቅያሪ ደግሞ በላስቲክ ታሽጎ ለመኝታ ብቻ። እሱን ቀን ላይ አትንኪው፣ የፈለገ ይብረድሽ።

ልጅቱ፦ ስንቅስ? በሶ ይዤ ልሂድ ብል ጓደኞቼ ሳቁብኝ።

ጋሼ፦ ይሳቁ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ይለምኑሻል። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ቀላል ነው፣ ያጠግባል። ዳቦ ቆሎም ያዢ። ውሃውን ግን ከወንዙ ቀድተሽ ወዲያው በማጣሪያ አታሳልፊ፤ ደለሉ ይደፍነዋል። ማታ በዕቃ ቀድተሽ አሳድሪው፣ ይጠልላል። ከጎን የሚወርድ ንጹሕ ምንጭ ካለ እሱ ይሻላል።

ልጅቱ፦ ድብስ?

ጋሼ፦ ድብ አለ፤ ጥቁሩም ቡናማውም። ምግባችሁንና ሽታ ያለውን ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ ድብ በማይከፍተው በርሜል አድርጉ። ከድንኳናችሁ ራቅ ብላችሁ አብስሉ። ቁጥቋጦ ውስጥ ስትሄዱ አውሩ፣ ዝፈኑ። ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ተጠጋግታችሁ ቁሙ። ድቡን የምትከላከሉበትን በርበሬ መርጫ አላስካ ስትደርሱ ግዙ፣ በመንገደኛ አውሮፕላን አያሳፍሩትም፤ የምድጃውንም ጋዝ እንዲሁ።

ልጅቱ፦ ሻንጣው እንዲህ እንዲህ እያለ መክበዱ ነው።

ጋሼ፦ ይከብዳል። ከአልጋ ግን ይቀላል። ሴንት ኢላያስን መጀመሪያ የወጣው የአብሩዚው መስፍን ሉዊጂ አመዴዎ ነው፤ የጣሊያኑ ንጉሥ የኡምቤርቶ የወንድም ልጅ፣ ከአድዋ ማግስት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897። ሰዎቹ የብረት አልጋ ሳይቀር በግግሩ ላይ ተሸክመውለታል። ኋላም በ1928 ዋቢ ሸበሌን ሊያጠና እኛው አገር መጥቷል፤ ያን ጊዜ አልጋውን ማን እንደተሸከመለት እንጃ። ያንቺን የሚሸከምልሽ ስለሌለ ዛሬ ማታ ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግፊና ከሩቡ ጋር ተለያዪ። ስንቁን፣ የመኝታ ቅያሪውንና የሳተላይት መልእክት መላኪያውን አትንኪ፤ ስልክ እዚያ አይሠራም።

ልጅቱ፦ ፈቃድ ማውጣትስ ያስፈልጋል?

ጋሼ፦ ለማደር ፈቃድ አይጠይቁሽም፤ የጉዞ ዕቅድሽን ግን ሞልተሽ ብትተዪላቸው ይወዳሉ። አንዱን ቅጂ ለእኔ። በየቀኑ የት እንደምታድሩ፣ የፓይለቱ ስልክ፣ የድንኳናችሁ ቀለም ሳይቀር። ደግሞም ከቀጠሮው ስንት ቀን ካለፈ በኋላ እንደምጮህ ጻፊልኝ፤ አንድ ቀን በዘገያችሁ ቁጥር አላስካን በሙሉ አልቀሰቅስም።

ልጅቱ፦ ሦስት ቀን። ለእናቴስ ምን ልበላት?

ጋሼ፦ እናትሽን ለእኔ ተዪልኝ፤ ዛሬ እደውልላታለሁ። አንቺ ብቻ ስለ በርበሬው መርጫ እንዳታነሺባት።