ፋይልን በሙሉ ስሙ ስለ መጥራት

በፓይተን ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ አጠገቡ ያለውን ፋይል ያለ ችግር ኢምፖርት ሲያደርግ ይከርምና፣ አንድ ቀን በወላጁ ፎልደር ያለውን ሲጠራ ሞጁሉ አልተገኘም የሚል መልስ ይደርሰዋል። እኛም የቋንቋ ተማሪዎች ስንሆን ይኸው ስለ ደረሰብን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

የግጥም ቃላትን የሚቆጥር ፕሮግራም ሠርተን ነበር። ዋናው ፎልደር «ቆጠራ» ይባላል። በውስጡ «ፊደል» የተባለ ፋይል አለ፤ ሥራውም ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን እንደ አንድ አድርጎ ቃሉን መመዝገብ ነው። ከዚያም ዝቅ ብሎ «ግጥም» የሚባል ፎልደር፣ በእርሱም ውስጥ «ስንኝ» የሚባል ፋይል አለ። (በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከፓይተን 3 ጀምሮ በፊደላችን ስም ማውጣት መቻሉ ደስ ያሰኛል።) «ስንኝ» እንግዲህ «ፊደል»ን ይፈልጋል።

«ስንኝ»ን በቀጥታ ያስነሣነው እንደሆነ ፓይተን ፍለጋውን የሚጀምረው ፋይሉ ከተቀመጠበት ፎልደር ነው እንጂ ከበላዩ አይደለም። ፋይሉንም «ሜን» ብሎ ብቻ ይጠራዋል፤ የአባትም የአያትም ስም የለውም። ስለዚህ ከወላጄ አምጣልኝ ቢል ወላጁ አይታወቅም።

እኛ በችኮላ የወላጁንና የአያቱን ፎልደር በሲስ ፓዝ ዝርዝር ላይ በእጃችን ጨመርን። ፕሮግራሙ ሄደ፤ የባሰውም ይህ ነበር። አንዱ ፋይል «ፊደል»፣ ሌላው «ቆጠራ.ፊደል» ብሎ ስለ ጠራው፣ ፓይተን አንዱን ፋይል እንደ ሁለት ሞጁል ጫነው፤ እያንዳንዱም የየራሱን መዝገብ ያዘ። አንድም የስሕተት ማስታወቂያ ሳይወጣ ከቃላቱ ከፊሉ ከድምሩ ቀረ። በዚሁ ቁጥር የተመሠረተ የጥናት ጽሑፍ ልናስረክብ ጥቂት ቀርቶን ነበር!

ትክክለኛው መንገድ ከ«ቆጠራ» በላይ ባለው ፎልደር ቆሞ፣ ፓይተን ሰረዝ ኤም ካሉ በኋላ «ቆጠራ.ግጥም.ስንኝ» ብሎ ሙሉውን ስም መጻፍ ነው። ያን ጊዜ ፍለጋው ከቆምንበት ይጀምራል፤ ወላጁም ይታወቃል። በ«ስንኝ» ውስጥ የሚጻፈው ይህ ነው፤

ፍሮም ..ፊደል ኢምፖርት መዝግብ

(ፍሮምና ኢምፖርት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ነጥቦቹም ጎን ለጎን የሚቀመጡት ናቸው እንጂ የቃል መለያችን አይደሉም።) አንዱ ነጥብ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር፣ ሁለቱ የዚያን ወላጅ ያመለክታሉ። ከ«ቆጠራ» በላይ ግን በነጥብ መውጣት አይቻልም። «ኢኒት» የተባለውን ፋይል በየፎልደሩ ማስቀመጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግዴታ ባይሆንም እኛ አልተውነውም።

በሲስ ፓዝ ላይ የጨመርናቸውን መሥመሮች ሰርዘን፣ ጥሪውን ሁሉ ወደ አንድ ስም መልሰን፣ ቆጠራውን ከመጀመሪያው ግጥም አንሥተን እንደገና አስኬድነው።