ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በእንጦጦ ግርጌ፦ ቁመቱ ይቻላል፣ ሒሳቡስ?

ለመሆኑ የአፍሪካን ክብረ ወሰን የሚሰብር ሕንፃ በአዲስ አበባ፣ ያውም ከመገናኛ እስከ እንጦጦ ተዳፋት ባለው የየካ ክፍለ ከተማ ሊቆም ይችላልን? ጥያቄው የሥዕል ብቻ አይደለም። ቦታ ያለው ሰው «ወደ ላይ ልሂድበት» ማለቱ፣ ደላላውም «ከሁሉ የሚበልጥ ሕንፃ ሊሠራበት ነው» እያለ ዋጋ ማስወደዱ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ዕቅድ አክሲዮን ግዙ ወይም ቅድሚያ ክፈሉ የሚባል ባለሀብት ደግሞ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያሰላው የሚገባ ነገር አለ።

በመጀመሪያ መለኪያው ይታወቅ። መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገው የረጃጅም ሕንፃዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት «እጅግ ረጅም» የሚለው 300 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። ከ600 ሜትር በላይ ያለው ሌላ መደብ ነው። የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ሲሆን በ2010 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በግብፅ አዲሱ የአስተዳደር ከተማ የተሠራው ግንብ 394 ሜትር ይጠጋል። የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው። ግብፅንም ንግድ ባንክንም የሠራው አንድ ተቋራጭ፣ የቻይናው ስቴት ኮንስትራክሽን ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን መሆኑ ልብ ይባል። ስለዚህ «ባለሙያው የለም» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ገንዘብ እስከተከፈለው ድረስ የካይሮውን ያቆመ የየካውንም ያቆማል።

የመሬቱ ነገርም ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። የእንጦጦ ተራራ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጽኑ ድንጋይ ነው። ለመሠረት የሚያስቸግረው በቆላው የከተማ ክፍል የሚገኘው፣ ክረምት የሚያብጥ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር እንጂ አለቱ አይደለም። ከፍታውም ራሱ አንድ የማይጠበቅ ጥቅም ይሰጣል። በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ሕንፃውን የሚገፋበት ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። በረጅም ሕንፃ ላይ ብዙ ብረት የሚበላው የነፋስ ግፊት ስለሆነ ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም። በሌላ ወገን ያው የሳሳ አየር የጄኔሬተርን ጉልበት ይቀንሳል፤ ባለንብረቱ በመጽሔት ላይ ካየው የሚበልጥ ጄኔሬተር መግዛት ይኖርበታል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ናት። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከታተለው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን በሌሊት ወደ ታች አስወርዷል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ደንብ ለአዲስ አበባ ሰጥቶት የነበረው የመንቀጥቀጥ ግምት በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይህም በምሰሶና በግድግዳ ብረት ላይ ይቆጠራል። ቢሆንም ቶኪዮና ታይፔ ከዚህ በባሰ ምድር ላይ ረጃጅም ሕንፃ ሠርተዋልና ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይከለክልም።

እንግዲህ ምን ይከለክላል? በየካ በኩል የመጀመሪያው መልስ አውሮፕላን ነው። የመገናኛ አደባባይ ከቦሌ መንደርደሪያ በቀጥታ መስመር ሲለካ ከአምስት ኪሎ ሜትር አይዘልም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በኖረው ደረጃ መሠረት፣ ትልልቅ መንደርደሪያዎችን በአራት ኪሎ ሜትር ዙሪያ የሚከብበው ነፃ ጠፈር ከመንደርደሪያው 45 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። ከዚያ ወዲያ በየመቶ ሜትሩ አምስት ሜትር እየጨመረ እስከ 145 ሜትር ይወጣል። መነሻው የአውሮፕላን ማረፊያው ከፍታ እንጂ የሕንፃው መሬት አይደለም። ወደ እንጦጦ በተጠጉ ቁጥር መሬቱ ራሱ ስለሚወጣ ለሕንፃው የሚተርፈው ያንሳል። ደረጃው ፍጹም ክልከላ አይደለም፤ ጥናት ቀርቦ ፈቃድ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ፈቃድ ያልያዘ ዕቅድ 300 ሜትር ብሎ ቢያስተዋውቅ ገዢው የሚገዛው ወረቀት ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሊሠራ የታሰበው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ነገሩን ሊለውጥ ይችላል የሚሉ አሉ። ይህ የሚሆነው ግን ቦሌ ሥራውን ሲያቆም እንጂ ሌላው ሥራ ሲጀምር አይደለም።

አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የቦሌ መንደርደሪያ 2,334 ሜትር ላይ ሲገኝ የእንጦጦ ራስ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ ከ850 ሜትር ያልፋል። ማለትም ተራራው ከመንደርደሪያው በላይ ከቡርጅ ኸሊፋ ያላነሰ ቁመት አለው። በዱባይ ሜዳ ላይ ጎብኚ ገንዘብ ከፍሎ በአሳንሰር የሚወጣው ከፍታውን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው። አዲስ አበባን ከላይ ማየት የፈለገ ግን በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በመኪና ወጥቶ ያያታል። የመመልከቻ ሰገነት ገቢ በየካ ዕቅድ ውስጥ ተጽፎ ከተገኘ ባለሀብቱ መስመሩን ቢሰርዘው ይበጃል።

ዋናው ነገር ግን ኪራይ ነው። የንግድ ባንክ ሕንፃ 303.5 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። በ209 ሜትር ሲካፈል አንድ ሜትር ቁመት 1.45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መጣ ማለት ነው። ቁመት ሲጨምር ወጪው በቀጥታ መስመር አይሄድም፤ መሠረቱ፣ የታችኛው ምሰሶ፣ አሳንሰሩ ሁሉ እየከበደ ይሄዳል። ለስሌቱ ምቾት ሲባል ግን በቀጥታ መስመር ይሄዳል እንበል። ሦስት መቶ ሜትር 435 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በ120 ብር እንኳ ሲሰላ ሕንፃው 52.2 ቢሊዮን ብር ይጠይቃል። ባለገንዘቡ በዓመት 12 ከመቶ ይመለስልኝ ቢል፣ ይህም ከባንክ ወለድ አንጻር ስግብግብነት አይባልም፣ በወር 522 ሚሊዮን ብር የተጣራ ኪራይ መግባት አለበት። ሊከራይ የሚችለው ወለል 100 ሺህ ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ ከታች እስከ ላይ አንድም ክፍል ሳይተርፍ ተከራይቶ፣ ለካሬ ሜትር በወር 5,220 ብር ይሆናል። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ መብራት፣ ጥገና፣ የሊዝ ክፍያና በግንባታው ዘመን የሚቆጠረው ወለድ ገና አልገቡም። አንባቢ ይህን ቁጥር ይዞ ዛሬ በመገናኛና በሃያ ሁለት ከሚከፈለው ኪራይ ጋር ያስተያየው።

ወለሉስ ሁሉ ይከራያል? በረጅም ሕንፃ ላይ የአሳንሰር ጉድጓድ፣ ደረጃ፣ የውኃና የመብራት ቱቦ ከወለሉ ትልቅ ድርሻ ይወስዳሉ፤ ቁመት በጨመረ ቁጥርም ድርሻቸው ያድጋል። ጫፉ ደግሞ ለክብር የቆመ ነው። ከቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ውስጥ 244 ሜትሩ ሰው የማይቀመጥበት መሆኑን ከላይ የተጠቀሰው ምክር ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. አሳውቆ ነበር። ኪራይ የማያስገባው ይህ ቁራጭ ብቻውን ከንግድ ባንክ ሕንፃ ይረዝማል።

«ንግድ ባንክ ሠርቶ የለምን?» የሚል ይኖራል። ሠርቷል። ነገር ግን ባንኩ የሠራው ለራሱ መቀመጫ ነው። በሰንጋ ተራ ከቆሙት የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች ብዙዎቹም የባለቤቶቻቸው ዋና መሥሪያ ቤት ናቸው። ተከራይ ፈልገው፣ በተከራይ ገንዘብ ብድራቸውን ከፍለው የቆሙ ስላልሆኑ ለኪራይ ገበያው ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። በ2006 ዓ.ም. አካባቢ አንድ የቻይና ኩባንያ በካዛንቺስ 99 ፎቅ፣ 448 ሜትር ሊያቆም ነው ተብሎ በሰፊው ተወርቶ ነበር። አልቆመም።

ክብረ ወሰን ለኪራይ ዋስትና አለመሆኑን ደግሞ ጆሃንስበርግ ታሳያለች። ካርልተን ሴንተር በ1973 እ.ኤ.አ. በ223 ሜትር ቆሞ እስከ 2019 ድረስ፣ ለ46 ዓመታት፣ የአፍሪካ ረጅሙ ሕንፃ ነበር። ነገር ግን ኩባንያዎች ከመሐል ከተማ ወደ ሳንድተን ሲሄዱ አጠገቡ የነበረው ታላቅ ሆቴል በ1990ዎቹ ማብቂያ ተዘጋ። ግንቡንም በ1999 የመንግሥቱ ድርጅት ትራንስኔት መልሶ ለመሥራት ከሚጠይቀው እጅግ ባነሰ ገንዘብ ገዛው። ክብረ ወሰኑን በመጨረሻ የወሰደው ሌዎናርዶ በዚያው በሳንድተን የተሠራ ነው። ተከራዩ ወደ ሄደበት ሕንፃው ተከተለ እንጂ ሕንፃው ተከራይ አላመጣም።

ሌላው ክርክር የመኖሪያ ቤት ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ የውጭ ዜጋ ቢያንስ በ150 ሺህ ዶላር ቤት እንዲገዛ ስለፈቀደ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ገዢ ይገኛል ይባላል። ይገኝ ይሆናል። ሆኖም አሥር ባለአሥር ፎቅ ሕንፃ የሚሠራ ሰው አንዱን ጨርሶ፣ አስረክቦና ገንዘብ ሰብስቦ ሁለተኛውን ይጀምራል። ባለ70 ፎቁ ግን አሳንሰሩ፣ የእሳት መከላከያውና ውኃው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቤተሰብ ማስገባቱ ይከብዳል። በመሐል ዶላር ቢጠፋ ሁሉም ገዢ አብሮ ይቆማል። የጂዳው ግንብ፣ ከኋላው የነዳጅ ሀብት እያለ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2018 ቆመ፤ የቀጠለው በጥር 2025 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ገንዘቡ አርማታ ሆኖ ተቀምጧል።

ውኃውም አለ። የየካ ነዋሪ ከለገዳዲ የሚመጣውን ውኃ በፈረቃ የሚጠብቅበት ቀን አለ። ሦስት መቶ ሜትር ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ የሚገፋው ውኃ ሲኖር ነው። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ የወረዱት ብርዱና የማገዶው እጦት አስመርሯቸው መሆኑ ይነገራል። ተራራው ተከራዮቹን ያጣው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው በየካ ኮረብታ ላይ የተያዘው የጫካ ፕሮጀክት እንኳ፣ የመንግሥት አቅም ከኋላው ሆኖ፣ በ500 ሄክታር ገደማ ላይ ወደ ጎን የተዘረጋ እንጂ ለቁመት ውድድር የተነደፈ አይደለም። መገናኛ ላይ ከቀላል ባቡሩ ጣቢያ አጠገብ ቦታ ላለው ሰውም አዋጪው ቁመት ከክብረ ወሰኑ በብዙ ያነሰ፣ ሃያ ሠላሳ ፎቅ አካባቢ ያለ ይመስላል። ታች ሱቅ፣ ከዚያ በላይ ቢሮ፣ ከዚያ በላይ መኖሪያ ሆኖ ደረጃ በደረጃ ሊከራይ ይችላልና። ከዚያ በላይ እወጣለሁ የሚል አስተዋዋቂ ሲመጣ ባለሀብቱ የሚጠይቀው ስለ ሥዕሉ ውበት አይደለም። የአቪዬሽኑ ፈቃድ ስንት ሜትር ይላል? የአሳንሰሩ ዶላር ከየትኛው ባንክ ተፈቅዷል? የመጀመሪያዎቹን ሃያ ፎቆች በፊርማ የያዘው ተከራይ ማን ነው?