በራዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ አይሮፕላን ከእንጨት ስለ መሥራት

መግቢያ

በጣና ሐይቅ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጭነቱን ሲጭን ክብደቱ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ይጠነቀቃል። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ቀላል ስለ ሆነ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ጭነቱ ወደ ጐን ያዘነበለ እንደ ሆነ የደንገሉ ቀላልነት ብቻውን ከመገልበጥ አያድነውም። ደንገሉም ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ታንኳው ወደ ዳር ወጥቶ በፀሐይ እስኪደርቅ ድረስ ለጭነት አይመችም። እንግዲህ የታንኳ ሥራ በሁለት ነገር ይጸናል፤ ይኸውም በቀላልነትና በሚዛን ነው። የአይሮፕላንም ሥራ እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ታንኳ ቆሞም ይንሳፈፋል፤ አይሮፕላን ግን ክንፉ በአየር ውስጥ ካልሮጠ ይወድቃል።

ይህ ትምህርት በመራዊና በአካባቢዋ ላሉ ተማሪ ቤቶች የተዘጋጀ ነው። ተቆርጠው ከተዘጋጁ የእንጨት ክፍሎች የሚገጣጠመውና በራዲዮ እየታዘዘ በሰማይ የሚገለባበጠው ትንሽ አይሮፕላን እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል።

ስለ ሥራው ታሪክ

በአዲስ አበባ አይሮፕላን መጀመሪያ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሳይሞላ በ1928 ዓ.ም. በዚያው በአዲስ አበባ የተሠራ አይሮፕላን ከመሬት ተነሥቶ በረረ። ሥራውን የመራው ሉድቪግ ዌበር የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያንም አብረውት ሠርተዋል። አይሮፕላኑ «ኢትዮጵያ 1» ተባለ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተብሎ ተጠራ። በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን አገር ተወስዶ ከ80 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ሰው የማይቀመጥበትን ትንሽ አይሮፕላን በራዲዮ የመምራት ጥበብም በዚያው ዘመን የተጀመረ ነው። በአሜሪካ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት «ገፍ» ብለው የሰየሙትን ትንሽ አይሮፕላን ሠርተው በራዲዮ አበረሩት። በዚሁ አቆጣጠር በ1960 ደግሞ በራዲዮ የሚታዘዙ ተገለባባጭ አይሮፕላኖች መጀመሪያው የዓለም ውድድር በስዊስ አገር ተደረገ።

ስለ ተገለባባጭ አይሮፕላን ጠባይ

ለጀማሪ የሚሠራ ትንሽ አይሮፕላን ክንፎቹ ከመካከል ወደ ጫፍ ጥቂት ከፍ ያሉ ናቸው። ንፋስ ወደ አንድ ጐን ቢያጋድለው ይህ ቅርጽ ራሱን እንዲያቃና ይረዳዋል። ተገለባባጩ ግን እንዲህ አይደለም። ክንፎቹ ቀጥ ብለው የተዘረጉ ናቸው፤ የክንፉም የላይ ጕብጠት ከታችኛው ጕብጠት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በሆዱ ሲበር እንደሚሸከመው ሁሉ በጀርባው ሲበርም አየሩ ይሸከመዋል። ወደ ላይ ተነሥቶ ትልቅ ክብ ይዞራል፤ በርዝመቱም እንደ እንዝርት ይሽከረከራል።

ነገር ግን ይህ ታዛዥነት ዋጋ አለው። ራሱን የማያቃና አይሮፕላን ትክክለኛ ትእዛዝን እንደሚፈጽም ሁሉ ስሕተትንም ይፈጽማል። ሠሪው በጠረጴዛ ላይ ሳለ አንዱን ክንፍ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ቢያጣምም፣ ያች ጥመት ጠረጴዛው ላይ ለዓይን አትታይም፤ በሰማይ ግን አይሮፕላኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጠመዝዛል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋና ነገር የሞተሩ ብርታት አይደለም፤ የሠሪው ጥንቃቄ ነው።

ስለ እንጨቱ

የሚበልጠው ክፍል የሚሠራው ባልሳ ከሚባል እንጨት ነው። ባልሳ በደቡብ አሜሪካ፣ ይልቁንም በኤኳዶር አገር የሚበቅል ሲሆን፣ ክብደቱ ከእኩል መጠን ውሃ ጋር ሲመዛዘን ከአሥረኛ እስከ አራተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩና ጎማዎቹ የሚታሰሩበት ቦታ ብዙ ኃይል ስለሚያርፍበት ኮምፔንሳቶ ይደረግለታል። ክፍሎቹ በሌዘር መኪና ተቆርጠው በሳጥን ይመጣሉ።

አንድ ስስ የባልሳ ክፍል የተሰበረ እንደ ሆነ ምትኩ በመራዊ ገበያ አይገኝም። ዋንዛ መልካም የሳንቃ እንጨት ነው፤ ነገር ግን ከባልሳ እጅግ ስለሚከብድ በቦታው ቢገባ ሚዛኑን ያበላሻል። ስለዚህ ተማሪው ማጣበቂያ ከመንካቱ በፊት ክፍሎቹን ሁሉ ከሥዕሉ ጋር እያስተያየ ይቍጠር፤ በየቦታቸውም ያለ ማጣበቂያ ገጥሞ ይሞክራቸው።

ስለ መገጣጠም

1ኛ፤ ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነ ሳንቃ ይመረጥ። በውሃ ልክና በቀጥተኛ ማስመሪያ ይፈተን። ሳንቃው የተጣመመ ከሆነ በላዩ የሚሠራው ክንፍ ሁሉ ይጣመማል።

2ኛ፤ ሥዕሉ በሳንቃው ላይ ይዘርጋ፤ ማጣበቂያ እንዳይዘው በስስ ላስቲክ ይሸፈን። ቤት በወራጁ እንደሚጸና ክንፉም ከጫፍ ጫፍ በሚዘረጋው አግዳሚ እንጨት ይጸናል። በአግዳሚው ላይ የጎድን አጥንት የሚመስሉት ስስ ክፍሎች እያንዳንዳቸው በስኳድራ ቀጥ ተደርገው ይተከሉና በስፒል ይያዙ።

3ኛ፤ ኮላው በስሱ ይቀባ። የተረፈ ኮላ ክብደት ይጨምራል እንጂ ብርታት አይጨምርም። እስኪደርቅ ድረስም ክንፉ ከሳንቃው አይነሣ።

4ኛ፤ ክንፍና ጅራት ከአካሉ ጋር ሲገናኙ በክር ይለኩ። የክሩ አንድ ጫፍ በአካሉ መጨረሻ መካከል ይያዝ፤ ሌላው ጫፍ ወደ ቀኝ ክንፍ ጫፍ፣ ቀጥሎም ወደ ግራ ክንፍ ጫፍ ይዘርጋ። ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ካልሆኑ ክንፉ አግድም ተጣሟል ማለት ነው። ይህ በተማሪ ቤት የሚማሩት ባለ ሁለት እኩል ጐን ሦስት ማዕዘን ነው።

5ኛ፤ በመጨረሻ እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ በሙቀት በሚጠብቅ ስስ ላስቲክም በካውያ ይሸፈን። ካውያው አንዱን ወገን ብቻ ብዙ ያሞቀ እንደ ሆነ ላስቲኩ ሲጠብቅ ክንፉን ሊያጣምመው ስለሚችል፣ የላዩና የታቹ ወገን እየተፈራረቀ ይሞቅ።

ስለ ሚዛንና ስለ ክብደት

ምሳሌ፤ የአንድ አይሮፕላን ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 120 ሳንቲሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ ደግሞ 24 ሳንቲሜትር ነው እንበል። የሚዛኑ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ ከስፋቱ ሩብና ሢሶ መካከል ነው፤ ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳንቲሜትር ላይ ይሆናል። ባትሪው ገብቶ ሳለ አይሮፕላኑ በዚህ ቦታ ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት ቢነሣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። አፍንጫው የከበደ አይሮፕላን ለመታዘዝ ይዘገያል፤ ጅራቱ የከበደ ግን ከነጭራሹ አይታዘዝም።

ጅራት ሲጠገን ክብደት መጨመር ለምን እንደሚጐዳ በሒሳብ ይታያል። ከሚዛኑ ቦታ 60 ሳንቲሜትር ርቆ በጅራቱ ላይ 10 ግራም ቢጨመር፣ ያን ለማቃናት ከሚዛኑ ቦታ 20 ሳንቲሜትር ብቻ በሚርቀው አፍንጫ ላይ 30 ግራም ያስፈልጋል፤ 10 ሲባዛ በ60 እና 30 ሲባዛ በ20 እኩል 600 ናቸውና። በ10 ግራም ኮላ ምክንያት አይሮፕላኑ 40 ግራም ከበደ ማለት ነው።

ይህ በመራዊ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ያስፈልጋል። መራዊ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ2,000 ሜትር ከፍታ ያለ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ወደ 18 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ አንዱ አይሮፕላን በዚህ ከፍታ እኩል ክብደት እንዲሸከም ወደ 10 ከመቶ ያህል ፈጥኖ መብረር አለበት። ሲያርፍም እንዲሁ ይፈጥናል። በባሕር ዳርቻ 900 ግራም የሚመዝን አይሮፕላን የሚበርበትን ፍጥነት በዚህ ለማግኘት ክብደቱ ወደ 740 ግራም መውረድ ይገባው ነበር። ሞተሩ በባትሪ የሚሠራ ስለ ሆነ በከፍታው ምክንያት ኃይሉ ባይቀንስም፣ ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው አየር ስስ ነው። እንግዲህ የደጋ ልጅ አይሮፕላኑን ከሌላው ይልቅ አቅልሎ መሥራት ይገባዋል።

ስለ ራዲዮው

ተማሪው በእጁ የሚይዘው አስተላላፊ ይባላል፤ በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው ተቀባይ ነው። ተቀባዩ ትእዛዙን ሰርቮ ለሚባሉ ትንንሽ ሞተሮች ያደርሳል፤ እነርሱም በክንፍና በጅራት ጠርዝ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ሳንቃዎች ያዞራሉ።

ባትሪ ከመገጠሙ በፊት አይሮፕላኑ በጓደኛ ወይም በገመድ ይያዝ፤ ማንም ከፕሮፔለሩ ፊት ወይም ጐን አይቁም። በመጀመሪያ አስተላላፊው ይከፈት፤ ቀጥሎ የአይሮፕላኑ ባትሪ ይገጠም። ሲዘጋ በግልባጩ ይሁን። ከዚያ ተማሪው ከአይሮፕላኑ በስተኋላ ቆሞ ይፈትን። ወደ ቀኝ ሲያዝ የቀኙ ክንፍ ሳንቃ ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች ይሄዳል። እጀታውን ወደ ራሱ ሲስብ የጅራቱ አግዳሚ ሳንቃ ወደ ላይ ይነሣል። ይህ በተቃራኒው ቢሆን አይሮፕላኑ ከመሬት እንደ ተነሣ ይከሰከሳል። የራዲዮው ትእዛዝ ቢቋረጥ ሞተሩ በራሱ እንዲቆም አስቀድሞ ይደረግ። የሊትየም ባትሪ ሲሞላ ሰው ሳይጠብቀው አይተው፤ ያበጠም ባትሪ ሥራ ላይ አይዋል።

ስለ ሰማዩና ስለ ሰው

በመራዊ አካባቢ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከኅዳር ወር በኋላ፣ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ሰዓቱም ንፋስ ሳይነሣ ማለዳ ነው። ቆጋ ግድብ በመስኖ በሚያጠጣው መሬት ግን በበጋም አዝመራ ስላለ የማንም ማሳ እንዳይረገጥ ይጠንቀቁ። በሰው፣ በከብት፣ በመንገድና በመብራት ሽቦ ላይ ማብረር ክልክል ነው።

ከሁሉ በላይ ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይገኝ፣ ለቀበሌውና ለአካባቢው ሰው አስቀድሞ ሳይነገር አይሮፕላን አይነሣ። ሰው የሌለበት የሚበር ነገር በዚህ ዘመን የጦር መሣሪያም ሆኗል፤ ድምፁን የሰማች እናት የተማሪ ሥራ መሆኑን በምን ታውቃለች? ሕዝብን ያስደነገጠ ሥራ፣ ቢበርም እንኳ አልተሳካም።

ፈቃድ ወይም ገንዘብ ያልተገኘለት ተማሪ ቤት ሥራውን አይተው። ከተሰነጠቀ ቀርከሃና ከወረቀት በእጅ የሚወረወር ትንሽ አይሮፕላን ይሥራ። ሞተርና ራዲዮ ባይኖረውም፣ ክንፉ ቀጥ ማለቱንና ሚዛኑ መስተካከሉን የሚፈርደው ያው አየር ነው። ይህን በሚገባ የሠራ ልጅ የባልሳው ሳጥን የደረሰው ዕለት እጁ አስቀድሞ የተማረ ይሆናል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ተገለባባጭ አይሮፕላን ራሱን የማያቃናው ስለ ምንድን ነው?
2. ክንፉ 120 በ24 ሳንቲሜትር የሆነና 900 ግራም የሚመዝን አይሮፕላን እያንዳንዱ 100 ካሬ ሳንቲሜትር ክንፍ ስንት ግራም ይሸከማል?
3. ከሚዛኑ ቦታ 50 ሳንቲሜትር በሚርቅ ጅራት ላይ 6 ግራም ቢጨመር፣ 15 ሳንቲሜትር በሚርቅ አፍንጫ ላይ ስንት ግራም ያስፈልጋል?
4. በመራዊ የሚሠራ አይሮፕላን በባሕር ዳርቻ ከሚሠራው ይልቅ ቀላል መሆን የሚገባው ለምንድን ነው?
5. ከቀርከሃና ከወረቀት አንድ ትንሽ አይሮፕላን ሠርታችሁ ሚዛኑን ሦስት ጊዜ እየለወጣችሁ ወርውሩ፤ ያያችሁትንም በደብተራችሁ ጻፉ።